በብርድ የሚቀልጥ፣ በሙቀት የሚረጋ

ከሁለት ሳምንት በፊት እሁድ ቀን ላብራቶሪ ገብቼ ነበር። ቅዳሜ ማታ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጥኩትን ነገር ማየት ነበረብኝ። የምሠራባት የጀርመን ከተማ ማይንትስ እሁድ እሁድ ጭር ትላለች። ኮሪደሩ ላይ ከእኔ ጫማ ሌላ ድምፅ የለም። እንዲህ ሲሆን ደብረ ብርሃን እደውላለሁ። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ቡና እያፈላች ነው የማገኛት።

ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስደግፌ ከፍሪጅ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አወጣሁ። ውስጧ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። ብልቃጧን ዘንበል ሳደርጋት ወዲያ ወዲህ ይላል። «አየሽ እማዬ? ውሃ ነው የሚመስለው» አልኳት። ከዚያ በመዳፌ ጨብጬ ያዝኳት። ስለ ጎረቤታችን ልጅ ሰርግ እያወራን ትንሽ ቆየን። መዳፌን ከፍቼ ብልቃጧን ገለበጥኳት። ጠብ የሚል ነገር የለም። ረግቷል።

እማዬ ስኒውን አስቀመጠች። «ቆይ፣ ቀዝቃዛ አልነበረም እንዴ? ሲሞቅ ነው የረጋው?»

«ሲሞቅ ነው።»

«ቅቤ እንዲህ አያደርግም።»

ከልቧ ነው። ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው ቅቤ ቴርሞሜትር ነው። ጠዋት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ማንኪያ አይገባውም። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ይለዝባል። ሲጣድ ይቀልጣል። እሷ ስልሳ ዓመት ያየችው ይህንን ነው። እኔም ይሄን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ቀን ማመን አቅቶኝ ሦስት ጊዜ ፍሪጅ መልሼ ሦስት ጊዜ አውጥቻለሁ። ሦስቴም ፈሰሰ፣ ሦስቴም ረጋ።

ለእማዬ የነገርኳት አጭሩን ነው። ረጅሙን እዚህ ልጻፈው።

ብልቃጧ ውስጥ ያለው ፖሎክሳመር 407 ይባላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ፕሉሮኒክ ኤፍ127 በሚለው የንግድ ስሙ ነው። ሲገዛ ነጭ ዱቄት ነው። እኔ ከአምስት እጅ አንዱን እሱ፣ አራቱን ውሃ አድርጌ ነው ያሟሟሁት። 407 የሚለው ቁጥር ዝም ብሎ የተሰጠ አይደለም። ሞለኪውሉ ውሃ የሚወድ ክፍልና ውሃ የሚጠላ ክፍል አለው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች፣ 40ን፣ በ100 ስታባዙት 4000 ይመጣል። ይህ በግምት የውሃ ጠሉ ክፍል የሞለኪውል ክብደት ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን 7 በ10 ስታባዙት ደግሞ 70 ይሆናል። ከጠቅላላው 70 በመቶው ውሃ ወዳድ ነው ማለት ነው።

ፖሊመር ረጅም ሰንሰለት ነው። አንድ ትንሽ ሞለኪውል ከመሰሉ ጋር እየተያያዘ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። እንደ መቁጠሪያ አስቡት። የኤፍ127 መቁጠሪያ ሦስት ክፍል አለው። በሁለቱ ጫፎች 100፣ 100 ያህል ውሃ ወዳድ ፍሬ አለ። መሃል ላይ 60 ገደማ ውሃ ጠል ፍሬ አለ። ሁሉም በአንድ ክር ላይ ናቸው። ልለያይ ቢሉ አይችሉም። ታሪኩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዘይትና ውሃ ሲጣሉ ዘይቱ ወጥቶ ላይ ይንሳፈፋል፣ ነገሩ ያልቃል። እዚህ ግን የሚጣሉት ሁለቱ በአንድ ክር ስለታሰሩ ሌላ መላ መፈለግ አለባቸው።

የሚገርመኝ ሁለቱ ፍሬዎች መመሳሰላቸው ነው። ሁለቱም ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ብቻ ናቸው። የመሃሉ ከጫፉ የሚለየው ጎኑ ላይ አንዲት ሜቲል ስላለችው ነው። አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር፣ በቃ። ያቺ አንዲት ጉብታ አንዱን ውሃ ወዳድ፣ ሌላውን ውሃ ጠል አደረገችው።

«ውሃ ጠል» የሚለው ስም ግን ያሳስታል። ተማሪ እያለሁ እኔንም አሳስቶኛል። ዘይቱ ውሃውን ጠልቶ የሚሸሽ ይመስለኝ ነበር። ዘይቱ ማንንም አይጠላም። ነገሩ ያለው ውሃው ጋ ነው።

የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው ይያያዛሉ። አንዱ እስከ አራት ጎረቤት ይይዛል። ይይዛል፣ ይለቃል፣ ዞሮ ሌላ ይይዛል። የሰርግ ቤት ጭፈራ በሉት። መሃላቸው ቅባታማ ነገር ሲገባ ችግር ይመጣል፤ እሱ የሚያዝ እጅ የለውም። በዙሪያው ያሉት ውሃዎች እጃቸው ባዶ እንዳይቀር ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ ተስተካክለው መቆም አለባቸው። እንደ ልብ መዞር ይቀራል። ይህ የነፃነት መጠን በፊዚክስ ሒሳብ አለው፤ ኢንትሮፒ ይባላል። ውሃው ያንን ማጣት አይፈልግም።

ቅባታማዎቹ አንድ ላይ ሲጠጋጉ ከውሃው ጋር የሚነካኩበት ገጽ ይቀንሳል። ቀጥ ብለው የቆሙት ውሃዎች ይለቀቃሉ፣ ወደ ጭፈራቸው ይመለሳሉ። እንግዲህ ቅባታማዎቹ ተፈላልገው አልተሰበሰቡም። ውሃው ነው የሰበሰባቸው።

የእማዬ ጥያቄም መልስ የሚያገኘው እዚህ ጋ ነው። በዚያ ሒሳብ ውስጥ ኢንትሮፒ በሙቀት ይባዛል። ሲሞቅ የነፃነት ዋጋ ይወደዳል። በብርድ ጊዜ ውሃው የመሃሉን ክፍል ከቦ ታግሶ ይቆያል። እያንዳንዱ ሰንሰለት ለብቻው ይዋኛል፣ ፈሳሹም ቀጭን ነው። ሲሞቅ ግን ውሃው ትዕግሥቱ ያልቃል። የመሃል ክፍሎቹ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ውሃ ወዳዶቹ ጫፎች እንደ ጎፈሬ ወደ ውጭ ይቆማሉ። አንድ ክብ ነገር ተሠራ። ሚሴል ይባላል። ስፋቱ 20 ናኖሜትር ቢሆን ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ላይ ጎን ለጎን ቢደረደሩ 4000 ያህሉ ይይዛል።

ውሃው ውስጥ ያለው ፖሊመር ጥቂት ከሆነ ነገሩ እዚህ ላይ ይቆማል፤ በዓይን የሚታይ ለውጥ የለም። ብልቃጧ ውስጥ ግን ከአምስት እጅ አንዱ ፖሊመር ነው። ሚሴሎቹ ቦታ ያጣሉ። አትክልት ተራ እንደተቆለለ ብርቱካን ይደራረባሉ። ማንም ከማንም ጋር አልተጣበቀም። ግን ማንም ማለፍ አይችልም። ያ ነው የረጋው። ፍሪጅ ስትመልሱት ሚሴሎቹ ይበተናሉ፣ መንገዱ ይከፈታል፣ ይፈሳል።

ይህንን ሳላውቅ የሠራሁት ስህተት አለ። መጀመሪያ ዱቄቱን ሲሰጡኝ ውሃ አሞቅኩ። ሁሉም ነገር በሙቅ ውሃ ቶሎ ይሟሟል ብዬ ነው። ዱቄቱን ስጨምረው ጓጎለ። ባለሙያ ያላማሰለው ገንፎ ሆነ። ውጩ ረግቶ ውስጡ ደረቅ ዱቄት እንደሆነ ቀረ። አንድ ሰዓት ሙሉ ባማስለው ወይ ፍንክች። ትክክለኛው መንገድ ተቃራኒው ነው። ውሃውን በበረዶ ማቀዝቀዝ፣ ዱቄቱን ቀስ እያሉ መነስነስ፣ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር። ጠዋት ጥርት ብሎ ይገኛል።

ይህ ባሕርይ ሲገባቸው ሰዎች ምን እንደሠሩበት ላንሳ። ሰው ሠራሽ ሕብረ ሕዋስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ትልቁ ጭንቀታቸው የደም መንገድ ነው። ውስጥ ያለው ሕዋስ ምግብ ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ ኤፍ127ን ለ3ዲ ማተሚያ እንደ ቀለም ተጠቅመው በሌላ ጄል ውስጥ የቱቦ ቅርጽ ያትማሉ። ከዚያ ሁሉንም ያቀዘቅዙታል። ኤፍ127 ቀልጦ ይወጣል። ባዶ ቱቦ ይቀራል። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ባለ ሁለት ባሕርይ ሞለኪውል፣ ማለትም አንድ ጎኑ ውሃ ወዳድ ሌላው ውሃ ጠል የሆነ፣ ከላብራቶሪ የመጣ አይደለም። አያቴ ጋቢና ነጠላ የምታጥበው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ተወቅጦ፣ ውሃ ሲነካው የሚወጣው አረፋ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። እንዶድ ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ነገር አለ። አንድ ጎኑ ስኳር ነው፣ ውሃ ይወዳል። ሌላው ጎኑ ቅባታማ ነው። ፖሊመር አይደለም፣ ትንሽ ነው። ሥራው ግን ያው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። የሕዋስ ሽፋን ራሱ ከባለ ሁለት ባሕርይ ሞለኪውል የተሠራ ነው፣ ሳፖኒን ደግሞ ያንን ሽፋን ያውካል። ስንቱ ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አልፏል፤ ቆም ብሎ የጠየቀው ግን እሱ ነው። ከሥራ ባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተውበታል።

ሳሙናና ፖሊመር የሚለያዩት ግን አንድ ትልቅ ነገር ላይ ነው። የሳሙና ሚሴል እንዲሠራ ብዙ ሳሙና ያስፈልጋል። ሻምፑ ውስጥ የሚገባው የተለመደው ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት በሊትር ከ2 ግራም በላይ ይፈልጋል። ከዚያ በታች ሲሆን ሚሴሉ ይበተናል። ብዙ ፖሊመሮች ግን በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ይበቃቸዋል። ምክንያቱ ርዝመታቸው ነው። አንድ የሳሙና ሞለኪውል ከሚሴሉ ቢወጣ ውሃ ውስጥ የሚያጋልጠው አጭር ጭራ ነው። ፖሊመሩ ግን ያንን ሁሉ ቅባታማ ሰንሰለት ይዞ መውጣት አለበት። ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ አይወጣም። ሰው ደም ውስጥ ሲገባና በ5 ሊትር ሲበረዝ እንኳ ይጸናል። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ስለ ቅርጽ ትንሽ። ሁልጊዜ ክብ አይሆንም። ድፎ ዳቦ ሲቆረጥ ቁራጩ በውጭ በኩል ሰፊ፣ በውስጥ በኩል ጠባብ ነው። እንዲህ ያሉትን ብትገጥሙ ክብ ይመጣል። ጡብ ግን ሁለቱም ጎኑ እኩል ነው፤ ብትደረድሩት ግድግዳ ነው የሚሆነው። ሞለኪውሎቹም እንደዚያው ናቸው። ውሃ ወዳዱ ክፍል ሰፊ ከሆነ ኳስ ይሠራሉ። እያነሰ ሲሄድ መጀመሪያ ትል የመሰለ ዘንግ፣ ከዚያ ሽፋን ይሆናል። ሽፋኑ ጠርዙ ውሃ እንዳይነካው ታጥፎ ይዘጋና ውስጡ ውሃ የያዘ ከረጢት ይሆናል። በ1995 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ አዲ አይዘንበርግ ከባልደረባው ጋር ይህን በአንድ የፖሊመር ቤተሰብ ላይ አሳየ። ውሃ ወዳዱን ጫፍ ብቻ እያሳጠሩ ኳሱን፣ ዘንጉን፣ ከረጢቱን በየተራ አገኙ። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥዕሎቹን ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ለጥፌአለሁ። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪው ዴኒስ ዲሸርና ባልደረቦቹ የፖሊመር ከረጢት ከተፈጥሮው የሕዋስ ሽፋን ይልቅ ሳይቀደድ አብልጦ መሳብና መለጠጥ እንደሚችል አሳዩ።

በትምህርት ቤት ይህ ሁሉ «ራስን በራስ መገንባት» ተብሎ ነው የሚሰጠው። አቀላቅሉ፣ ተዉት፣ ራሱ ይሠራል። ለሳሙና እውነት ነው። ለፖሊመር ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ፤ ይህን ማንም ስላልነገረኝ አንድ ወር ሙሉ ተሰቃይቻለሁ።

አሁን የምሠራው በሌላ ፖሊመር ነው። አንዱ ጫፍ ኤፍ127 ላይ ያለው ያው ውሃ ወዳድ ነው። ሌላው ፖሊላክቲክ አሲድ ነው፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ በሰንሰለት ሲያያዝ ማለት ነው። ይህ በቀጥታ ውሃ ውስጥ አይገባም። የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው ፈሳሽ፣ በአሴቶን ውስጥ አሟሟዋለሁ። ከዚያ ውስጡ በምትዞር የማግኔት ዘንግ የሚሽከረከር ውሃ ውስጥ ጠብ ጠብ አደርገዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲገቡ ምንም የለም። ቀጥሎ ውሃው በጣም ስስ የሆነ ሰማያዊ ጭጋግ ይለብሳል። ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው የብርሃን መበተን ነው እሱም። ያቺን ቅጽበት ለማየት ሁልጊዜ መብራቱን ከጀርባው አደርጋለሁ።

መጠናቸውን በሌዘር እንለካለን። ትናንሾቹ ውሃ ውስጥ ቶሎ ቶሎ ይንቀጠቀጣሉ፣ ትላልቆቹ ቀስ ይላሉ፤ የተበተነው ብርሃን መብለጭለጭ ይህን ይናገራል። አንድ ሰኞ የለካሁት እና በሚቀጥለው ሰኞ የለካሁት አልገናኝ አለኝ። ያው ፖሊመር፣ ያው መጠን፣ ያው ውሃ። የሁለተኛው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፖሊመሩ ተበላሽቷል ብዬ አዲስ ሠራሁ። አሴቶኑን ቀየርኩ። ማሽኑን ጠረጠርኩ። በመጨረሻ የማስታወሻ ደብተሬን ሳገላብጥ አንድ መስመር አየሁ። «ትልቁ ማግኔት እየታጠበ ስለሆነ በትንሹ አማሰልኩ።»

ያ ነበር። ውሃው ቀስ ብሎ ሲሽከረከር ጠብታው ቶሎ አይበተንም። ሰንሰለቶቹ ሳይበታተኑ ተጠጋግተው ብዙ ሆነው ይጠቀለላሉ። በፍጥነት ሲማሰል ግን ሳይገናኙ በፊት ውሃው ይደርስባቸዋል፣ በትንሽ በትንሹ ይጠቀለላሉ። ከተጠቀለሉ በኋላ ደግሞ አይታረሙም። የሳሙና ሞለኪውል ከሚሴል ወደ ሚሴል ይገባል፣ ይወጣል፣ የተሳሳተውን ያስተካክላል። እነዚህ ያንን አያደርጉም፤ ቅድም እንዳልኩት መውጫው ውድ ነው። ስለዚህ እንዴት እንደተሠሩ በአካላቸው ይዘው ይቀራሉ። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን አውቀው፣ ሁለቱን ፈሳሽ በሺህኛ ሴኮንድ የሚያቀላቅል ጠባብ ክፍል ሠርተዋል። እኔ አሁን የማግኔቱን ርዝመት በሚሊሜትር እጽፋለሁ።

ይህን ሁሉ የምለፋበት ምክንያት አክስቴ ናት።

አዲስ አበባ ስማር የኖርኩት እሷ ቤት ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ የጡት ካንሰር ተገኘባት። ከሚሰጧት መድኃኒቶች አንዱ ፓክሊታክሴል ነበር፣ በደም ሥር የሚንጠባጠብ። ቀጠሮዋ ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ፣ ዋዜማውን ማታ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዴክሳሜታሶን የሚባል ክኒን መዋጥ ነበረባት። ማንቂያውን የምሞላው እኔ ነኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ውሃና ክኒን ይዤ እቀሰቅሳታለሁ። አንድ ሌሊት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ «ልጄ፣ ለመድኃኒት ደግሞ መድኃኒት ምን ይሉታል?» አለችኝ። አለርጂ እንዳይነሳብሽ ነው አልኳት። የተነገረን ይኸው ብቻ ነበር።

ምክንያቱን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ እዚህ ነው። ፓክሊታክሴል ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ደም ግን ውሃ ነው። ስለዚህ የተለመደው አዘገጃጀት ክሬሞፎር በሚባል ነገርና በአልኮል ያሟሟዋል። ክሬሞፎር ምንድን ነው? የጉሎ ዘይት ነው። የጉሎ ዘይት ላይ ውሃ ወዳድ ሰንሰለት ተቀጥሎበት፣ ያው ኤፍ127 ጫፍ ላይ ያለው ዓይነት። እሱም ባለ ሁለት ባሕርይ ነው፣ እሱም ሚሴል ይሠራል። መድኃኒቱን ተሸክሞ ያደርሳል። ነገር ግን ሸካሚው ራሱ ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። አክስቴ ሌሊት የምትነሳው በዋናነት ለሸካሚው ነበር።

በ2007 እ.ኤ.አ. ደቡብ ኮሪያ ክሬሞፎር የሌለው ፓክሊታክሴል ገበያ ላይ አውላለች። መድኃኒቱን የያዘው እኔ ከአሴቶን ወደ ውሃ የማንጠባጥበው ዓይነት ሚሴል ነው። ውሃ ወዳዱ ውጭ፣ ፖሊላክቲክ አሲዱ ውስጥ፣ መድኃኒቱ ከመሃል። ሲያረጅ ወደ ላክቲክ አሲድ ይፈርሳል፣ ሰውነት ደግሞ ላክቲክ አሲድን ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ብዙ ጽሑፍ እነዚህን ሚሴሎች ካንሰሩን ፈልገው የሚያገኙ አድርጎ ያቀርባል። አልስማማም። ሚሴል ዓይን የለውም። ደም ውስጥ መድኃኒቱን ቶሎ የሚያንጠባጥብም አለ። የእኔ ሥራ ያንን መፍሰስ ማዘግየት ነው፣ እሱም በጣም አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን ጎጂ ሸካሚን በማይጎዳ ሸካሚ መተካት ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ የማያውቅ ሰው ትንሽ ሊመስለው ይችላል።

አክስቴ አሁን ደህና ናት። ባለፈው እሁድ ራሷ ደወለች። እማዬ ስለ ብልቃጧ ነግራታለች። እግረ መንገዴን ስለ ክኒኑና ስለ ጉሎው አጫወትኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ለጉሎው ኖሯል በይኛ!» አለች። «እኔ ጉሎ ለምጣድ ብቻ ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«በይ ያንን ነገር ለእኔም አሳዪኝ።»

ተነስቼ ፍሪጁን ከፈትኩ።